የሕዝብ ሀብት የሆነውን ሙዚቃ በኢንተርኔት ስለ ማከፋፈል

በዚህ ሳምንት ለክቡራን አስመጪዎች፤ ላኪዎችና ባለ ሱቆች የምናቀርበው ጽሑፍ፤ በመርከብ የማይጫን በጉምሩክም የማይፈተሽ፤ ነገር ግን እንደ ማናቸውም ዕቃ ሰነድና ውል የሚጠይቅ አንድ የንግድ ዓይነት የሚመለከት ነው። ይኸውም የደራሲነት መብቱ ዘመን አልቆ የሕዝብ ሀብት የሆነውን ሙዚቃ፤ ስፖቲፋይ፤ አፕል ሚዩዚክ፤ ዲዘርና ዩቲዩብ ሚዩዚክ በሚባሉት የኢንተርኔት ማሰሚያዎች በኩል ለዓለም አድማጭ ማከፋፈል ነው። የውጭ አገር ውልና ሒሳብ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሚጻፍ፤ የአዋጃችን ቍጥር ሲቀር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ጕዳይ እንድመረምር ያደረገኝን ምክንያት አስቀድሜ ልግለጽ። በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ባለቤት ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሣጥን ሙሉ አሮጌ ሸክላ አላቸው። ባለፈው ዓመት ልጃቸው፤ «አባዬ፤ ይህ ሁሉ ዘመኑ ያለፈበት ነው፤ ጠያቂ የለውም፤ በኢንተርኔት ብናወጣው በየወሩ ዶላር ያስገባል» አላቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው፤ «እስቲ አንቺ አጣሪው» አሉኝ። እኔ ገና ደብዳቤ በመጻፍ ላይ ሳለሁ፤ ልጁ መልሱን ሳይጠብቅ 24 ዘፈኖች ከሸክላው ገልብጦ ለአንድ የውጭ አገር አከፋፋይ ላከ። ዘፈኖቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ወጡ፤ ወዳጅ ዘመድም በየስልኩ እየሰማ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ከአከፋፋዩ የመጣው ደብዳቤ፤ የባለቤትነት ማስረጃ ባለመቅረቡ ዘፈኖቹ መነሣታቸውን፤ ሒሳቡ መዘጋቱን፤ የተጠራቀመውም ገንዘብ የማይከፈል መሆኑን የሚያስታውቅ ሆነ። ገንዘቡ ይህን ያህል የሚያስቈጭ አልነበረም። የንግድ ቤቱ ስም በማያውቁት ሰዎች መዝገብ ላይ ያለ መብት የሰው ሥራ እንደ ላከ ሆኖ መጻፉ ግን አዛውንቱን ነጋዴ እጅግ አሳዘናቸው። በኋላ 24ቱን አንድ በአንድ ስንመረምር፤ ያለ ሥጋት ሊላኩ ይችሉ የነበሩት 3 ብቻ ሆነው ተገኙ።

ስሕተቱ የመጣው ልጁ ሸክላውን እንደ አንድ ዕቃ በመቍጠሩ ነው። በሕግ ዓይን ግን በአንድ ሸክላ ላይ ሁለት ሀብቶች ተደርበው ይገኛሉ። አንደኛው ድርሰቱ፤ ማለት ዜማውና ግጥሙ ነው። ሁለተኛው የድምፅ ቅጂው፤ ማለት ዘፋኙና ተጫዋቾቹ በአንድ በተወሰነ ቀን ያሰሙትና በሸክላው ላይ የተያዘው ድምፅ ነው። ሕንጻው የአንዱ፤ ቦታው የሌላው ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፤ የነዚህም የሁለቱ ባለቤት ይለያያል፤ የዘመናቸውም አቈጣጠር ይለያያል። ስለዚህ አንድ ሙዚቃ ነጻ ነው ለማለት የሁለቱም ዘመን ማለቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያውም በላኪው አገር ሕግ ብቻ ሳይሆን ሙዚቃው በሚሰማበት አገር ሕግ ጭምር ነው።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት፤ የደራሲው የጥቅም መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ድርሰቱ የብዙ ሰዎች የጋራ ሥራ እንደ ሆነ፤ ቈጠራው የሚጀምረው ከሁሉም በኋላ ከሞተው ሰው ነው። ለድምፅ ቅጂው የተሰጠው ዘመን ደግሞ 50 ዓመት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቈጠርለታል፤ የታተመ የድምፅ ቅጂም ቀድሞ 50 የነበረው በ2011 በወጣ መመሪያ 70 ዓመት ሆኖለታል። በአሜሪካ እንደዚያ አይደለም፤ በዚያ አገር የታተመ የጥንት ድርሰት ዘመኑ የሚለካው ከደራሲው ሞት ሳይሆን ከታተመበት ዓመት ጀምሮ በሚቈጠር 95 ዓመት ነው።

ይህ የአቈጣጠር ልዩነት ለነጋዴ ምን ማለት እንደ ሆነ የቦሌሮ ታሪክ በደንብ ያስረዳል። ቦሌሮ የተባለውን እጅግ የታወቀ ሥራ የደረሰው ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል በ1937 ሞተ። ፈረንሳይ በጦርነት ዘመን የባከነውን ጊዜ ለደራሲዎች የምታካክስበት ሕግ ስለ ነበራት፤ ሥራው በዚያ አገር የሕዝብ ሀብት የሆነው በሜይ 1 ቀን 2016 ነው። ይሁን እንጂ ወራሾቹ ዝም አላሉም። የባሌቱን ትርኢት ያስጌጠው አሌክሳንደር ቤኑዋ ተባባሪ ደራሲ ነው ተብሎ ክርክር ተነሣ። ቤኑዋ የሞተው በ1960 ስለ ሆነ፤ ክርክሩ ቢቀና ኖሮ በዚያው በጦርነት ማካካሻ ቈጠራ ቦሌሮ እስከ 2039 ባለቤት ያለው ሥራ ይሆን ነበር። የናንቴር ፍርድ ቤት በጁን ወር 2024 ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ ኖታው የታተመው በ1929 በመሆኑ ነጻ የወጣው በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነው። እንግዲህ አንድ ነጋዴ በ2020 ቦሌሮን በራሱ ወጪ አስቀድቶ ቢያከፋፍል፤ በፓሪስ ለደራሲው ወገን የሚከፈል ነገር ሳይኖር በኒውዮርክ ግን ይከፈል ነበር ማለት ነው። የተላከው ድምፅ አንድ ነው፤ የተላከበትም ቀን አንድ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ ድርሰቱ ብቻ ነው። ዛሬ ቦሌሮ ነጻ ነው ማለት፤ አንድ የታወቀ ኦርኬስትራ በ1980 ያስቀዳውን ቦሌሮ ገልብጦ መሸጥ ይቻላል ማለት አይደለም። የዚያ ቅጂ ባለቤት ራሱን የቻለ ሌላ ነው።

በድምፅ ቅጂ በኩል ጥብቅ ሆኖ የሚገኘው የአሜሪካ ሕግ ነው። በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የታተሙ ቅጂዎች በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነጻ ወጡ። ከ1923 እስከ 1946 የታተሙት እያንዳንዳቸው 100 ዓመት ይቈጠርላቸዋል፤ የ1923ቱ በ2024 መግቢያ፤ የ1924ቱ በ2025 መግቢያ ነጻ የወጡት በዚህ ሥርዓት ነው። ከ1947 እስከ 1956 የታተሙት 110 ዓመት ተሰጥቷቸዋል። ከ1957 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1972 ድረስ ያሉት ግን በጅምላ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ተጠብቀው ይቆያሉ። አሜሪካ ታላቅ የሙዚቃ ገበያ ስለ ሆነ ይህን ሰንጠረዥ ከጽሕፈት ጠረጴዛ በላይ ለጥፎ ማኖር አይከፋም፤ እኔ ለጥፌዋለሁ። አሮጌ ሸክላዎችን እየገለበጠ በነጻ ለሕዝብ ያሰማ የነበረው ኢንተርኔት አርካይቭ እንኳ በኦገስት ወር 2023 በታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ተከሶ፤ ነገሩ በስምምነት ያለቀው በ2025 ነው። እርሱ ለትርፍ የቆመ ድርጅት አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን ሸክላ እንመለስ፤ ብዙዎቻችን የምንፈተነው በእርሱ ነውና። አማሃ እሸቴ ያቋቋሙት አማሃ ሬከርድስ ከ1969 እስከ 1975 ሸክላ ሲያወጣ ነበር። ከ1969 እስከ ዛሬ ከ50 ዓመት በላይ ስለ ሆነ፤ ቅጂውን ብቻ በአገራችን አዋጅ የሚመለከት ሰው ዘመኑ ሞልቷል ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ሸክላ ላይ ግጥሙን የጻፈ፤ ዜማውን የደረሰ፤ ሙዚቃውን ያቀናበረ ሰው አለ። ከነዚህ አንዱ ዛሬ በሕይወት እንዳለ ወይም ከ10 ዓመት በፊት እንደ ሞተ ቢረጋገጥ ድርሰቱ ገና ብዙ ዘመን አለው። ለምሳሌ ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2009 ስለ ሆነ፤ እርሱ ራሱ የደረሰው ሥራ በአዋጃችን ቈጠራ እስከ 2059 የወራሾቹ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከላይ እንደ ተገለጸው ቅጂዎቹም ቢሆኑ ገና ነጻ አልወጡም። ከኛ 24 ዘፈኖች 21ዱ የወደቁት በዚህ ነው። ሸክላው ያረጀ ነበር፤ መብቱ ግን አላረጀም።

በሌላ በኩል የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ሸክላ እንመልከት። የማዕርጋቸው ስም የነጋዴዎች አለቃ ማለት በመሆኑ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። እሳቸው ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር ያስቀዱት ድምፅ ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች የሚቈጠር ሲሆን፤ በኛ ዘመንም ኤትዮፒክ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ውስጥ እንደ ገና ታትሟል። ቅጂው ከ1923 በፊት የታተመ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ነጋድራስ የራሳቸው ግጥም ባለቤት ነበሩ፤ ያረፉትም በ1964 ነው። ቈጠራው ከሸክላው ዕድሜ ሳይሆን ከዕረፍታቸው ሲጀምር በአዋጃችን በ2014 ይሞላል፤ 70 ዓመት በሚቈጥሩ አገሮች ግን እስከ 2034 ይደርሳል። የአውሮፓ ሕግ ለአንዳንድ የውጭ አገር ሥራዎች በደራሲው አገር ዘመኑ ካለቀ በነሱም ዘንድ እንዲያልቅ የሚያደርግ ደንብ ስላለው፤ የትኛው እንደሚሠራ ለመወሰን የሕግ ዐዋቂ ቃል ያስፈልጋል። እንዲሁም በቅርብ ጊዜ የታተመውን ቅጂ ከነመግለጫ ጽሑፉና ከነሥዕሉ ወስዶ መላክ ሌላ ጥፋት ነው፤ ጽሑፉና ሥዕሉ የአዲሱ አሳታሚ ሥራዎች ናቸውና። የሚገለበጠው ጥንታዊው ሸክላ ራሱ መሆን አለበት።

እንግዲህ ተመርምሮ ሁለቱም ዘመን ያለቀ ሆኖ ቢገኝስ? እዚህ ላይ ነጋዴውን የሚያስደንቅ ሁለተኛ ነገር ይመጣል። የሁሉ የሆነ ነገር የማንም የግል አይደለም፤ ስለዚህ አከፋፋዩ «የዚህ ቅጂ ብቸኛ ባለ መብት ነዎት?» ብሎ ሲጠይቅ፤ እውነተኛው መልስ «አይደለሁም» የሚለው ነው። ያንኑ ሸክላ አሥር ሰዎች ገልብጠው ሊልኩት ስለሚችሉ፤ ብዙ አከፋፋዮች የሕዝብ ሀብት የሆነ ቅጂን አይቀበሉም፤ ወይም ከፍ ያለ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ጥብቅ ቢሆኑም አይፈረድባቸውም፤ ስፖቲፋይ በሴፕቴምበር ወር 2025 እንዳስታወቀው፤ በ12 ወር ውስጥ ብቻ ከ75 ሚሊዮን በላይ አጭበርባሪና የማይረቡ ቅጂዎችን ከመዝገቡ አውጥቷል። ሸክላውን ከጭረትና ከፍጭት ድምፅ አጽድቶ «አሁን የኔ ሆነ» ማለትም አያዋጣም። አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 በሰጠው ፍርድ፤ አሮጌ ቅጂን አጽድቶ ማሳመር ብቻውን እንደ ደንቡ አዲስ መብት አይፈጥርም ብሏል።

ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል መርማሪ መሣሪያ አለው። ባለ መብት ነኝ ያለ ኩባንያ ድምፁን ሲያስመዘግብ፤ መሣሪያው ያንን ድምፅ በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ባገኘው ቍጥር ማስታወቂያውን ለተመዝጋቢው ገቢ ያደርጋል፤ ወይም ሥራውን ያግዳል። በዚህ መዝገብ ላይ የሕዝብ ሀብት የሆነ ቅጂን ማስመዝገብ ክልክል ነው፤ ብቸኛ መብት ይጠይቃልና። ይህን የመሰሉት መሣሪያዎች ግን ይስታሉ። በ2018 ጄምስ ሮድስ የተባለው እንግሊዛዊ የፒያኖ ተጫዋች በቤቱ ሆኖ የባህን ሥራ ተጫውቶ በፌስቡክ ቢያወጣ፤ የፌስቡክ መርማሪ የ47 ሴኮንዱ ድምፅ የሶኒ ሚዩዚክ ነው ብሎ አገደበት። ባህ የሞተው በ1750 ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ኖታ በጥንቃቄ ሲጫወቱ ለመሣሪያ ጆሮ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ሮድስ በአደባባይ ከተከራከረ በኋላ ክሱ ተነሣለት፤ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ ግን በአደባባይ የሚሰማው ስለሌለ በወረቀት መከራከር አለበት።

ታዲያ በዚህ ንግድ የሚሸጠው ምንድን ነው? በኔ አስተያየት የሚያዋጣው ነጻ ድርሰትን ወስዶ በራስ ወጪ አዲስ ቅጂ ማዘጋጀት ነው። የወንዝ ውኃ የሁሉ ነው፤ ቀድቶ ተሸክሞ ላመጣው ግን ይከፈለዋል። አዲሱ ቅጂ የአስቀጂው የግል ሀብት ስለ ሆነ አከፋፋዩ ለሚጠይቀው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይገኛል። ኪሚኮ ኢሺዛካ የተባለችው የፒያኖ ተጫዋች በ2012 የባህን ጎልድበርግ ቫሪየሽን በዚህ መንገድ አስቀድታለች፤ እርሷስ ወጪውን ከሕዝብ በመዋጮ አግኝታ ቅጂውን ለሁሉ በነጻ ለቀቀችው። ለነጋዴ እንዲህ ያለው ልግስና ግዴታ አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። በኛም አገር ይህ ሥራ ሰፊ ቦታ አለው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም፤ ነገር ግን አንድ መሪጌታ ዛሬ በስቱዲዮ ያስቀዱት ቅጂ የሳቸውና የአስቀጂው ነው። ደራሲያቸው የማይታወቅ የበገናና የማሲንቆ ዜማዎችም እንዲሁ ናቸው። ብቻ ለማስቀዳት ከመነሣት በፊት ዜማው በእርግጥ የጥንት መሆኑን፤ አሁን በሕይወት ያለ ሰው የደረሰው ወይም ያቀናበረው አለመሆኑን አዋቂዎችን መጠየቅ ይገባል። የጥንት ዜማ አዲስ ቅንብር ራሱን የቻለ መብት አለውና። ተጫዋቹም ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሄድ፤ ቅጂው የማን እንደ ሆነ፤ ከሚገኘውም ገቢ ድርሻ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን በጽሑፍ መፈራረም ነው። በቃል «አይዞህ፤ እናስብልሃለን» ተብሎ የተጀመረ ሥራ ስንት ወዳጆችን እንዳለያየ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

የአላላኩ ሥርዓት ለነጋዴ ከባድ አይደለም። ማሰሚያዎቹ ከየግለሰቡ በቀጥታ ስለማይቀበሉ በመካከል አከፋፋይ ይገባል፤ እርሱም ወይ የዓመት ክፍያ ወይ ከገቢው ኮሚሲዮን ይወስዳል። እያንዳንዱ ቅጂ አይ.ኤስ.አር.ሲ. የሚባል 12 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ አልበሙም በሱቅ ዕቃ ላይ እንደምናየው ያለ ባርኮድ ይኖረዋል። በመግለጫው ላይ የዜማ ደራሲው ስም በደራሲ ቦታ፤ የተጫዋቹ ስም በተጫዋች ቦታ ይጻፋል። ብዙ ሰው ባህን ወይም ቤትሆቨንን በተጫዋች ቦታ እየጻፈ ይልክና ይመለስበታል። ደራሲው የማይታወቅ እንደ ሆነ የጥንት ባህላዊ መሆኑ ይገለጻል እንጂ የራስን ስም በደራሲነት ማስገባት ማታለል ነው።

ክፍያው በአንድ ጊዜ መሰማት ይህን ያህል ሳንቲም ተብሎ የተቈረጠ አይደለም። ማሰሚያው በወሩ ካገኘው ገቢ የራሱን ድርሻ ያስቀርና የቀረውን እንደ ተሰማው መጠን ያካፍላል፤ ሒሳቡም ለላኪው የሚደርሰው ወሮች ቈይቶ ነው። በስፖቲፋይ አንድ ቅጂ ተሰማ የሚባለው 30 ሴኮንድ ሲሞላ ሲሆን፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ባለፉት 12 ወሮች ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ቅጂ ምንም አይከፈልበትም። ስለዚህ አንድ መቶ ያልተጠኑ ቅጂዎች ከመላክ አምስት የተመረጡ መላክ ይሻላል። ለገንዘብ ብለው «ብዙ አድማጭ እናመጣልሃለን» የሚሉትን ሰዎች መሸሽ ነው፤ ማሰሚያው የሐሰት አድማጭ መሆኑን ሲደርስበት ገንዘቡን ይይዛል፤ አከፋፋዩንም ይቀጣል፤ አከፋፋዩም ቅጣቱን ወደ ላኪው ያዞራል። የሚመጣው የውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ፤ በምን መንገድ እንደሚገባ ከመላክ በፊት ከባንክ ጋር መነጋገር ኋላ ከመጨነቅ ያድናል።

ለእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ማኅደር ከፍቻለሁ። በውስጡም የደራሲው የሞተበት ዓመት ከነማስረጃው፤ ኖታው ወይም ግጥሙ መጀመሪያ የታተመበት ወረቀት ግልባጭ፤ ከሸክላ የተገለበጠ እንደ ሆነ የሸክላው ወረቀት ፎቶግራፍና ቍጥሩ፤ አዲስ ቅጂ እንደ ሆነ ደግሞ የተጫዋቹ ውልና የስቱዲዮው ደረሰኝ ይገኛሉ። አንድ አሮጌ ወረቀት ምን ያህል እንደሚረዳ በአሜሪካ በተደረገው የልደት መዝሙር ክርክር ታይቷል። አንድ ታላቅ የሙዚቃ ኩባንያ ለዘመናት ስለ ልደት መዝሙሩ ከፊልም ሠሪዎች ገንዘብ ይቀበል ነበር። ከሳሾቹ ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ በ1922 የታተመ አሮጌ የመዝሙር መጽሐፍ ነበር። በ2015 ፍርድ ቤቱ ኩባንያው በመዝሙሩ ግጥም ላይ የሚጸና መብት የለውም ብሎ ወሰነ፤ በ2016ም ኩባንያው 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነገሩ አለቀ።

የንግድ ቤታችን ባለቤት በዚህ ዓመት አንድ የበገና ደርዳሪ ውል አስፈርመው ስድስት ዜማዎች አስቀድተዋል፤ የመጀመሪያው ሒሳብ ገና አልደረሰንም። ከሣጥኑ የተረፉት 3 ሸክላዎች ከ1923 በፊት በአውሮፓ የታተሙ የማርሽና የዋልዝ ሙዚቃዎች ሲሆኑ፤ የደራሲዎቹን የሞት ዓመትና የሸክላዎቹን ፎቶግራፍ አያይዤ፤ ብቸኛ ባለ መብት አለመሆናችንን በግልጽ ጽፌ፤ ለሌላ አከፋፋይ ጥያቄ ልኬአለሁ። መልሱን እየጠበቅን ነው። ልጁም አሁን ከመላኩ በፊት ማኅደሩን ይጠይቀኛል።